ለወተት ሻጯ እግር ለማስገጠም በረሃ ገብተን ነበር (ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ)

የከዚራው ሹፌር · ጥር 18፣ ምሽት 2፡10

ሰላም የድሬ ልጆች። «ፒክአፕህን ይዘህ የት ጠፋህ?» ስትሉኝ ለነበራችሁ መልሱ ይኸው። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስላለኝ እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉ።

አሸዋ ሰፈር አካባቢ የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። እኛ ቤት «ኤዶ» ነው የምንላት። እናቴ ደንበኛዋ ነበረች፣ በኋላ እኔም። የወተቱ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ድንገት ጠፋች። «ታማ ይሆናል» አልን፤ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ጥቅምት ላይ የእህቷ ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝ። ለካ ኤዶ ወተት ጭና ስትመጣ ከመኪና ላይ ወድቃ ነው። የኋላ ጎማው ሁለቱም እግሯ ላይ ወጣ። ሁለቱም ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ከሆስፒታል ስትወጣ ዘመዶቿ ወደ በረሃው ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። «ድሬ ላይ እግር ይሠራል እኮ!» አልኩት። «እናውቃለን፤ ማን ያምጣት?» አለኝ። አፌን ያዝኩ።

ባለፈው ዓርብ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴና የእህቷ ልጅ። ባለቤቴ ሶማሊኛ እንደ ውሃ ነው የምትናገረው፤ የእኔ ግን ከገበያ አያልፍም። በደወሌ መንገድ አስፋልቱ ላይ እንደ ቅቤ እየሄድን ሽንሌን አለፍን፤ አይሻ ሳንደርስ ልጁ «እዚህ ጋ ውጣ» አለኝ። መንገድ የለም። «የቱ ጋ?» ስለው «የግመሎቹን ዱካ ተከተል» አለኝ።

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መጀመሪያ ድንጋይ ነው። ጥቁር፣ ጡጫ የሚያህል፣ ማለቂያ የሌለው። ባሌስትራው እንደ በር ማጠፊያ ሲጮህ ነበር። ከዚያ እሾህ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መዓተኛ ቁጥቋጦ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ዘግቶታል። አንዱ እሾህ የኋላ ጎማዬን በሳው። ስኮርታውን ሳወርድ እሱም ባዶ! ከገና በፊት ተንፍሶ እንደነበር ትዝ አለኝ። የራሴ ጥፋት ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የበላኝ። ከመነዳሪውን አውጥተን ለጠፍነው፤ በብስክሌት ፓምፕ ሁለት ወንድ እየተፈራረቅን ነፋነው። አንድ ሰዓት ሄደ።

ቀጥሎ ደረቅ ወንዝ መጣ። ስፋቱ ትልቅ ሜዳ ያክላል፤ አሸዋው ዱቄት ነው። መሃሉ ላይ ሰጠምኩ። ፍየል ጠባቂ ልጆች መጡ፤ ሦስት ናቸው፤ ትልቁ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳንጠይቃቸው ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር ማንጠፍ ጀመሩ። ብር ስሰጣቸው ትልቁ ውሃ ነው የጠየቀኝ። አንድ ጀሪካን ትተንላቸው ሄድን።

ኤዶ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቴን ስታይ መጀመሪያ ያለችው ምን መሰላችሁ? «እናትሽ ደህና ናት? የወር ሂሳብ አለብኝ።» እናቴ ቀድማ የከፈለቻት የስድስት ሊትር ወተት! ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። የእኔን እናት ከባለቤቴ እናት ጋር ደባልቃዋለች እንጂ ሂሳቡን አልሳተችም።

በብርድ ልብስ አንስተን ጋቢና አስገባናት። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛን፤ እንዲመቻት ከጉልበቷ ሥር ሁለት ትራስ አደረግን። ጫፎቹ ዳሽቦርዱን እንዳይነኩ በጋቢ ጠቀለልናቸው። ባለቤቴ ከኋላ ሆና መንገዱን ሁሉ ትከሻዋን ይዛ መጣች። ኤዶ አንድም ጊዜ አላቃሰተችም። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ግን የበሩን እጀታ ስትጨብጥ ጣቶቿ ነጭ ይሆኑ ነበር።

ድሬ ስንገባ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። እግር የሚሠራበት ተሃድሶ ማዕከል ተዘግቷል። እስከ ሰኞ። ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ቀኑን አላሰብኩትም! ሁለት ቀን እኛ ቤት ቆየች።

ሰኞ ወሰድናት። መርማሪው አያት፣ ነካካ፣ ጉልበቷን ለመዘርጋት ሞከረ። ከዚያ «አሁን ልኬት አንወስድም» አለ። ጉልበቶቿ ታጥፈው ደርቀዋል፤ ግራው ላይ ደግሞ ትንሽ ቁስል አለ። መጀመሪያ ጅማቱ ይሳብ፣ በፋሻ ይታሰር፣ ቁስሉ ይዳን። ሳምንታት። ማደሪያው ደግሞ ወረፋ አለው። ደሜ ፈላ።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ኤዶ «በቃ መልሱኝ፣ ሲደርስ እመጣለሁ» ብላለች። ፍየሎቿን ለልጅ ትታ ነው የመጣችው። እኔ ቤት እንዳላቆያት ሁለት ክፍል ነው፤ እናቴና ሁለት ልጆች አሉ። ልመልሳት ወይስ ምን ላድርግ?

---

ጎሚስታው · ጥር 18፣ ምሽት 2፡41

አቦ በባዶ ስኮርታ በረሃ ይገባል? አሁን ሰው በተሰበሰበበት አልሰድብህም።

ለሌላ ጊዜ ግን ስማ። አሸዋ ውስጥ ከመግባትህ በፊት የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀንስ። ጎማው ሲለጠጥ አሸዋውን በሰፊው ይረግጠዋል፤ አይቆርጠውም። በሙሉ ንፋስ ከገባህ ራስህን እየቀበርክ ነው። መሃል ላይ ማርሽ አትቀይር፣ ፍሬን አትርገጥ። ከወጣህ በኋላ ድንጋዩ ላይ ሳትደርስ መልሰህ ንፋ፤ አለበለዚያ ጎማህን ድንጋይ ይበላዋል። ለዚህ ነው ከባትሪ የሚሠራ መንፊያ የሚያስፈልግህ። የብስክሌት ፓምፕ ይዞ በረሃ! ኸረ አቦ!

---

ሚሚ ገንደ ቆሬ · ጥር 18፣ ምሽት 3፡05

የስድስት ሊትሩ ወተት ላይ ስደርስ አለቀስኩ። እኔም የማውቃት ይመስለኛል። አረንጓዴ ሻሽ የምታስር ናት?

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ወንዶች አትቆጡ። 5 ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሽንት ቤትስ?

---

የከዚራው ሹፌር · ጥር 18፣ ምሽት 3፡30

እኔ ባለቤቱ ነኝ፣ በእሱ ስልክ ነው የምጽፈው። ሚሚዬ ይህን የጠየቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ። ትልቁ ጉዳይ እሱ ነበር። ከማታው ጀምሮ ውሃ አልጠጣችም። ለምን ስላት «ወንድ ይሸከመኛል፤ አፍራለሁ» አለችኝ። በዚያ ሙቀት! መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቁሜ ወንዶቹን ርቀው እንዲሄዱ አደረግኩ፤ በሩን ከፍቼ በሽርጥ ጋረድኳትና በባልዲ ተጠቀመች። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የጠጣችው። ሴት ሕመምተኛ የምታመጡ ሴት ይዛችሁ ሂዱ። ባልዲም።

አዎ፣ አረንጓዴ ሻሽ።

---

ጥያቄ አለኝ · ጥር 18፣ ምሽት 4፡02

ይቅርታ፤ እኔ ክፉ ልሁን። መጨረሻው የባንክ ቁጥር ነው አይደል? ስንቱን አየን።

---

የከዚራው ሹፌር · ጥር 18፣ ምሽት 4፡09

የባንክ ቁጥር የለም። ሳንቲም አልጠየቅኩም። ምክር ነው የጠየቅኩት።

---

ፊዚዮ ሳቢያን · ጥር 19፣ ጠዋት 1፡15

ሥራዬ ነው፤ ግን እናንተ የሄዳችሁበት ቦታ አልሠራም። ስለዚህ በጥቅሉ ነው የምናገረው። ያያት ባለሙያ ከእኔ ይበልጣል።

መጀመሪያ፣ ትራሱ! ወንድሜ ከደግነት ነው ያደረግከው፤ ሁሉም ቤተሰብ ያደርገዋል። ግን ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ጉልበቱ ሥር ትራስ አይደረግም። ጉልበቱ ታጥፎ በቆየ ቁጥር ከኋላ ያለው ጅማት ያጥራል። ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አጥፋ ነው የኖረችው። የደረቀው ለዚያ ነው። የአንድ ቀን ትራስ አላደረቀውም፤ ግን አሁኑኑ አንሡት። ስትቀመጥ እግሯ ተዘርግቶ ይደገፍ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሆዷ ትተኛ፤ ያ ደግሞ ለዳሌዋ ነው።

ሁለተኛ፣ «አሁን ልኬት አንወስድም» ማለቱ ልክ ነው። ጉልበቱ ካልተዘረጋ ሰውየው ቢቆምም ተቀምጦ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ከመቶ ሜትር በኋላ ይደክመዋል። ያበጠ እግር ተለክቶ የተሠራ ሶኬት (የተቆረጠው እግር የሚገባበት ማቀፊያ) ደግሞ እብጠቱ ሲቀንስ ይሰፋና ይንቀዋለላል። ፋሻው ለዚያ ነው። ሲታሰር በስምንት ቁጥር መልክ ይሂድ፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲመጣ ላላ። ተገላቢጦሽ ከታሰረ ጫፉ እንደ ፊኛ ይነፋል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ መኖራቸው ትልቅ ዕድል ነው። ከጉልበት በላይ ቢሆን ወሬው ሌላ ነበር።

ስለ ጥያቄህ፦ አትመልሳት። በረሃ ከገባች ማን ነው ጅማቷን የሚስብላት? ሦስት ሳምንት ቆይታ ብትመጣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው፤ ከመጣች ነው እንግዲህ።

---

አሸዋ ተራ · ጥር 19፣ ጠዋት 2፡50

እኔ አልስማማም። ሰው እስረኛ አይደለም። «መልሱኝ» ካለች ይመልሷት። ፍየል ለእናንተ ቀልድ ነው፤ ለእሷ ባንክ ነው። ከድሬ ስትመለስ እግር ኖሯት ፍየል ከሌላት በምን ትኖራለች? ሐኪሞቹ እግሯን ብቻ ነው የሚያዩት።

---

ፊዚዮ ሳቢያን · ጥር 19፣ ጠዋት 3፡20

አሸዋ ተራ፣ ይህ እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። ታዲያ ፍየሎቹን የሚጠብቅ ሰው ይፈለግላት። የእህቷ ልጅ ስልክ አለው አይደል? በየሁለት ቀኑ ስለ ፍየሎቿ ይንገራት። እየቀለድኩ አይደለም። ሰው ሕክምና አቋርጦ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ፈርቶ ሳይሆን ቤቱ አሳስቦት ነው።

---

የጀጎል ልጅ · ጥር 19፣ ምሽት 1፡30

ከሐረር ነው የምጽፈው። አባቴ በ1970 ፈንጂ ረግጦ ቀኝ እግሩን ያጣ ወታደር ነው። ከጉልበት በታች። እግር አድርጎ አራት ልጅ አሳድጓል፤ ዛሬም ሶላት አያመልጠውም። እስካሁን ስንት እግር እንደቀየረ እሱ ራሱ ተምታቶበታል። የመጀመሪያው ቆዳና እንጨት ነበር፤ ሲራመድ ስለሚንቋቋ «አባባ መጣ» የምንለው ድምፁን ሰምተን ነው። አሁን የሚያደርገው ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፤ በውሃ ይታጠባል።

ላነብለት ብዬ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። የሚለውን ልጻፍ።

«ስትለካ የምታደርገውን ጫማ ይዛ ትሂድ በላቸው።» እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ነው። በጠፍጣፋ ኮንጎ ተለክቶ ተረከዝ ያለው ጫማ ቢደረግበት ሰውየውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ተገላቢጦሹ ወደ ኋላ ይጥለዋል። አባቴ አንዴ ለሰርግ ብሎ የሰው ጫማ ተውሶ አድርጎ ሙሽራዋ ፊት በአፍጢሙ ተደፍቷል። እስከ ዛሬ ይነሣል።

«ማታ ትታጠብ እንጂ ጠዋት አትታጠብ በላቸው።» ጠዋት የታጠበ ቆዳ ርጥበት ይዞ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ይላላጣል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሳይታጠቡም ላብ ነው። ከሶኬቱ ሥር የሚጠለቀውን ካልሲ በቀን ሁለት ጊዜ ትቀይር። አሸዋ ከገባ ቆማ ታራግፍ፤ «ቤት ስደርስ» አትበል። አንዲት ቅንጣት አሸዋ የሳምንት ቁስል ናት።

«ደግሞ የሌለው እግሯ ያሳክካታል፤ እብድ ነኝ ብላ እንዳትፈራ በላቸው።» አባቴ ሌሊት የሌለ አውራ ጣቱን ሊያክ ይነሳ ነበር።

---

ሚሚ ገንደ ቆሬ · ጥር 20፣ ቀን 6፡40

ማደሪያ ተገኘ! እኛ ሰፈር ሁለት ወተት ሻጮች አብረው የሚኖሩበት ግቢ አለ። ሄጄ ነገርኳቸው። ስሟን ስጠራ አንደኛዋ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ሞታለች ተብሎ ነበር ለካ። «ዛሬውኑ አምጧት» አሉኝ። ክፍሉ ደረጃ የለውም፤ ሽንት ቤቱ ግን የመቀመጫ አይደለም።

---

ጎሚስታው · ጥር 20፣ ቀን 7፡15

የሽንት ቤቱን ለእኔ ተዉት። ያረጀ ወንበር መሃሉን ቀድጄ ብረት እበይድበታለሁ። ነገ ጠዋት ይደርሳል።

---

ድሬን የናፈቀ · ጥር 22፣ ሌሊት 7፡00

ከሩቅ አገር ነው ያለሁት። እዚህ ያለው የካርቦን እግር ነው፤ ኮምፒውተር ያለው ጉልበት ሁሉ አለ። ገዝቼ ልላክ?

---

ፊዚዮ ሳቢያን · ጥር 22፣ ጠዋት 1፡40

ልብህ ይባረክ፤ ግን አትላክ። እግር እንደ ጫማ በቁጥር አይገዛም፤ ሶኬቱ የሚሠራው በእሷው እግር ላይ ጄሶ ተደርጎ ነው። የተበላሸ ዕለት ደግሞ ዕቃው ከየት ይመጣል? በእኛ አገር ማዕከላት የተለመደው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ካምቦዲያ ውስጥ ያዳበረው አሠራር ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃ አይፈራም፣ ቢሰነጠቅ በሙቀት ይበየዳል፣ እዚሁ ያለ ባለሙያ ይጠግነዋል።

መርዳት ከፈለግክ የመመላለሻ ናፍጣ ቻል። የምሬን ነው። ውዱ ነገር እግሩ አይደለም፤ መንገዱ ነው።

---

ሀሳብ ሰጪ · ጥር 25፣ ምሽት 2፡00

መጀመሪያውኑ ወጌሻ ጋ ቢወስዷት ላይቆረጥ ይችል ነበር። ሐኪም ሁሉ መጋዝ ይቀናዋል።

---

ፊዚዮ ሳቢያን · ጥር 25፣ ምሽት 2፡35

ወንድሜ፣ እኔ ወጌሻ አልንቅም፤ ወለምታ የሚያወጡ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አውቃለሁ። ግን የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም ቆሞ፣ ጣቱ ጠቁሮ የመጣ የ9 ዓመት ልጅ አይቼ አውቃለሁ። ጋንግሪን። ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ልጁ የተሰበረው ከዛፍ ወድቆ ቀላል ስብራት ነበር። ማንም ያሰረው ይሁን፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረ ፋሻው በዚያው ደቂቃ ይፈታ፤ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ። እስከ ነገ አይባልም።

የኤዶ ግን መኪና የጨፈለቀው ነው። እሱን ማንም አያሸውም።

---

የከዚራው ሹፌር · መጋቢት 11፣ ምሽት 1፡50

ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ወሬ አለኝ።

ጅማቷን መሳብ አምስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ሰሞን ከማዕከሉ በባጃጅ ስንመለስ አታናግረኝም ነበር፤ ያማታል። የገንደ ቆሬ ሴቶች ግን ሌላ ሐኪም ሆኑባት። በሆዷ አስተኝተዋት ከጎኗ ጫት እየለቀሙ ያወራሉ፤ ልትነሳ ስትል «ወሬው አላለቀም» ይሏታል። ልጁም ስለ ፍየሎቿ በየሁለት ቀኑ ሲደውል ነበር። አንዷ መንታ ወልዳለች።

ልኬቱ ቀን እኔም ገባሁ። ጄሶ የተነከረ ፋሻ እግሯ ላይ ጠቀለሉ፤ ባለሙያው በሁለት አውራ ጣቱ ከጉልበቷ ሎሚ በታች ጫን አድርጎ ያዘ። ክብደቷን የሚሸከመው እዚያ ጋ ያለው ጅማት ነው አለኝ። ሲደርቅ እንደ ቦት ጫማ ወለቀ። እሱን ቅርጽ አድርገው ሌላ ጄሶ ያፈሱበታል፤ የእግሯ ግልባጭ ይወጣል። ሞርደው ያስተካክሉታል። ከዚያ ቡናማ የፕላስቲክ ሉክ ምድጃ ውስጥ ይከቱና ሊጥ ሲሆን በጄሶው ላይ ያለብሱታል፤ አየሩን በማሽን ሲስቡት ጭብጥ ብሎ ይይዛል። ቆሜ ሳይ ጎሚስታ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

አሁን አስቂኙ። ሁለቱም እግር የለም፤ ቁመቷ ስንት ይሁን? አንዱ እግር ቢኖር ከእሱ ይለኩ ነበር። እጆቿን እንደ መስቀል አስዘርግተው ከጣት እስከ ጣት ለኩ፤ የሰው ቁመት ከዚያ ብዙ አይርቅም ተባለ። ኤዶ ሰማች። «ከወንድሜ ሚስት ትንሽ ልብለጥ» አለች። ባለሙያው ሳቀና ጭራሽ ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርጋት ነገራት፤ አጠር ሲሉ ሚዛን ይቀላል፣ ሲወድቁም አይጎዳም። ተኮራረፉ። ለእግሩ ቁጥር ደግሞ 37 መረጠች። ድሮ 39 ነበረች። «ትንሽ እግር ሁሌም እወድ ነበር» አለች። ሰጧት!

መጀመሪያ የቆመች ዕለት ይዘው መራመድ በሚለማመዱባቸው ሁለት ብረቶች መሃል ነው። ተነሳች። ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ኤዶ ግን መስኮቱን ነው ያየችው። ዝም ብላ ቆየችና «ግቢያችሁ ውስጥ ፓፓያ አለ እኮ» አለች ለባለሙያው። ለካ ስትመጣ ስትሄድ በተሸከርካሪ ወንበር ስለሆነ አጥሩ ጋርዷት አይታው አታውቅም።

አሁን በሁለት ክራንች ትሄዳለች። ግቢ ውስጥ በአንድ። ከመሬት መነሳት ግን ገና ነው፤ መቀመጥ ትችላለች፣ መነሳት ላይ ሰው ትፈልጋለች። ሶላት ወንበር ላይ ሆና ትሰግዳለች።

---

ጥያቄ አለኝ · መጋቢት 11፣ ምሽት 2፡20

የባንክ ቁጥር ያልኩት እኔ ነኝ። አፌን ይቁረጠው። ምን ልርዳ?

---

የከዚራው ሹፌር · መጋቢት 11፣ ምሽት 2፡33

አፍህ ይቆይልህ፣ የሚቆረጥ ነገር ሰልችቶናል 😄 ናፍጣ ሰልፍ ላይ ወረፋ ያዝልኝ።

---

የጀጎል ልጅ · መጋቢት 11፣ ምሽት 3፡10

አባቴ ይጠይቃል፦ መቼ ነው ለእይታ ተመለሺ የተባለችው? «እግሩን መስጠት ሳይሆን ሁለተኛው ቀጠሮ ነው ሰው የሚለየው» ይላል። እሱ ከእሱ ጋር የተለኩ ጓደኞቹን ይቆጥራል። ሶኬቱ የሰፋባቸው፣ ጨርቅ እየጠቀጠቁ የቀጠሉ፣ ከዚያ ቆስለው አውልቀው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ። አንዱ ለዶሮ ማደሪያ አድርጎት ነበር። እግሩ እየሰለለ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጣም። ካልሲ ይጨመራል፣ ሁለት ሦስት ካልሲ ካስፈለገ ሶኬቱ ይቀየራል።

---

የከዚራው ሹፌር · መጋቢት 12፣ ጠዋት 12፡50

ለሰኔ መጀመሪያ ቀጥረዋታል። ጭንቀቴም እሱ ነው። እሷ ከሳምንት በኋላ ካልሄድኩ ብላለች፤ መንታዎቹን ማየት አለባት። ወስጄ ብመልሳት፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ማምጣት፣ ከዚያ መመለስ። ከዘገየን ደግሞ ከረን የሚባለው የክረምቱ ዝናብ ይመጣና ያ ደረቅ ወንዝ ደረቅ አይሆንም።

---

አሸዋ ተራ · መጋቢት 12፣ ጠዋት 2፡05

በዝናብ ወቅት እዚያ ወንዝ ጋ እንዳትሞክር። የሐምሌ 1998ን ሌሊት የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ድሬ ላይ ሰው ተኝቶ፣ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ፣ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ነው ስንቱን የወሰደው። ደረቅ ወንዝ ሰማይ ጠራ ተብሎ አይታመንም።

አንድ ሐሳብ። ወተት ጫኙ ላንድክሩዘር በሳምንት ሁለት ጊዜ ከዚያ አካባቢ አስፋልት ድረስ ይወጣል። ሾፌሩን አውቀዋለሁ። ጋቢና ውስጥ ቦታ ይያዝላት፤ ወተቱ ላይ አይደለም! አንተ አስፋልቱ ዳር ትቀበላታለህ። 64 ኪሎ ሜትሩ ይቀርልሃል።

---

የከዚራው ሹፌር · መጋቢት 12፣ ምሽት 1፡15

ነገርኳት። መጀመሪያ ፊቷ ተለወጠ። የወደቀችው ከእንደዚያ ዓይነት መኪና ነው። ዝም አለች። ከዚያ ባለቤቴን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። «የጋቢናው ዋጋ ስንት ነው፣ ወተት ብጭንስ ይቀነስልኛል?» ነው ያለችው።

---

ሚሚ ገንደ ቆሬ · መጋቢት 12፣ ምሽት 1፡40

ሥራ ልትጀምር ነው ማለት ነው! የመጀመሪያዋን ሊትር የምገዛው እኔ ነኝ።

---

የከዚራው ሹፌር · መጋቢት 12፣ ምሽት 1፡52

ተሰለፊ። እናቴ ስድስት ሊትር ቀብድ አላት።

ለሰኔ የወተቱ መኪና ይሁን። የአሁኑን ግን እኔው አደርሳታለሁ። ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን። ክራንች፣ መለዋወጫ ካልሲ፣ ሁለት ኮንጎ፣ ያ ቀዳዳ ወንበር፣ ባልዲ፣ ለፍየል ጠባቂዎቹ ሁለት ጀሪካን ውሃ። ትራስ የለም። ጎሚስታው፣ ሰኞ ማታ ሱቅህን ስንት ሰዓት ነው የምትዘጋው?

---

ጎሚስታው · መጋቢት 12፣ ምሽት 2፡00

አልዘጋም፣ ና። ሁለት ስኮርታ ነፍቼ አስቀምጬልሃለሁ። የባትሪ መንፊያውን ግን አበድርሃለሁ እንጂ አልሰጥህም፤ ያንተን አያያዝ አይቻለሁ።